ከሁለት ሰባራ አንድ ደህና

መሐንዲሷ ወደ ጦር ሰፈሩ የመጣችው ጠመንጃ ልታስጥል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ሰፈር ቃኚዎች፣ ከጦሩ ፊት ፊት እየሄዱ መንገዱን የሚያዩት ሠላሳ ሰዎች፣ መንግሥት የሰጣቸውን አዲስ ጠመንጃ ግምጃ ቤት ደርድረው፣ በድሮ ጦርነት የተማረከ የባዕድ አገር ጠመንጃ አንግተው ይወጣሉ። የሰፈሩ አዛዥ የሆነው ሻለቃ አንዴ ተቆጣ፣ ሁለቴ ተቆጣ፣ በሦስተኛው ለበላዩ ጻፈ። የበላዩ ለጠመንጃ ፋብሪካው ጻፈ። ፋብሪካው ደግሞ ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት የብረት ሥራ ተምራ፣ ከተመለሰች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላትን መሐንዲስ ላከ። መርምራ ትጽፋለች፤ በእሷ ወረቀት የባዕዱ ጠመንጃ ይሰበሰባል። ሌላ ነገር ልትጽፍ ትችላለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

እሷ ግን አስባው ነበር። አስባውም ስትፈራው ነው የሰነበተችው። ቃኚዎቹ የጠሉት ጠመንጃ የአባቷ እጅ አለበትና።

አባቷ በፋብሪካው የማስማሚያ ክፍል አለቃ ነው። ጠመንጃ ውስጥ መዝጊያ የሚባል ብረት አለ፤ ጥይቱን ከጀርባው ደግፎ የሚቆልፈው እሱ ነው። አባቷና በሥሩ ያሉት ሃያ ሁለት አስማሚዎች ይኼን መዝጊያ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ በሞረድ እየበሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ፣ ልክ እስኪገባ ድረስ ያስማሙታል። ሲጨርሱ በጠመንጃውም በመዝጊያውም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመቱበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይኼንኑ ሲሠራ ኖረ። ከፋብሪካው ከወጡት ጠመንጃዎች ስንቱ በእጁ እንዳለፈ ራሱም አያውቀውም፤ ሲጠየቅ ግን አንድም ተመልሶ አልመጣብኝም ይላል።

«ሄደሽ እይ» አላት ስትነሳ። «ወታደር መሣሪያ ሲያበላሽ ጥፋቱን ለመሣሪያው ነው የሚሰጠው።»

በጦር ሰፈሩ የተቀበላት የመሣሪያ ጠጋኙ ነው። ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ጋሽ ሞረድ» ነው የሚለው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል ውስጥ ይሠራል። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀለም ተሥሏል፤ መፍቻው የተነሳ እንደሆነ የመፍቻው ጥላ ቀርቶ ያሳብቃል። መሐል ላይ ብረት ጨብጦ የሚይዝ አንድ ሞርሳ፣ ጥግ ላይ አንድ ጣሳ ዘይት። ወንበሩን አራግፎ ሰጣትና ራሱ በጥይት ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ምን ልታዘዝ፣ ልጄ?»

«አንድ የእኛን፣ አንድ የእነሱን ጠመንጃ አተኩሼ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ይሁና» አለ።

በበነጋው ጠዋት ወደ ተኩስ ሜዳው ወረዱ። ጎበዝ ተኳሽ የተባለ ወታደር ሆዱን መሬት አስይዞ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ከመቶ ሜትር ርቀት ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት ተኮሰ። መሐንዲሷ የዒላማ ወረቀቶቹን ነቅላ እየሮጠች መጣች። የእኛው አሥሩንም በአንድ መዳፍ ውስጥ አግብቶታል። የባዕዱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ወንፊት አድርጎታል።

«እስቲ ይዩት፣ ጋሽዬ!»

ጋሽ ሞረድ በክር ያንጠለጠለውን መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ አየ። «ያምራል።»

«የእነሱስ?»

«በትኖታል። እሱም እውነት ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ይኼ ከሣጥኑ የወጣ ነዋ፣ ልጄ። ማንም አልነካውም። ጠመንጃ ከሣጥን የወጣ ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀን ነው። ከዚያ ይታጠባል።»

«ቢታጠብስ?»

«ነገ ከሰዓት በኋላ ቃኚዎቹ ከአሰሳ ይመለሳሉ። እጅጌሽን ሰብስበሽ ነይ።»

ሻለቃው ለእሷ ሲል ያን ሳምንት አንዱ የቃኚዎች ጓድ የመንግሥቱን ጠመንጃ ይዞ እንዲወጣ አዝዞ ነበር። ስምንቱ ሰዎች በማግሥቱ አቧራ ለብሰው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ተመለሱ። በጋሽ ሞረድ ክፍል ደጅ ላይ አንድ ሰፊ ሸራ ዘረጉ። ዙሪያውን ተቀምጠው ጠመንጃቸውን ይፈታቱ ጀመር። አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ነው፤ ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ያለ፣ ሥጋ የሚባል ያልተረፈው፤ «ቀጮ» ነው የሚሉት።

«ኢንጂነር፣ እዚህ ወንበር የለም፤ ክብር ግን ሞልቷል። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። ሁለት ጠመንጃ ወደ ፊቷ ገፉላት።

«ባሕር ማዶ ጠመንጃ ማጠብ ያስተምራሉ እንዴ?» አለ አንዱ፣ አፈሙዙን በገመድ እየፈተገ።

«አያስተምሩም። ማስላት ነው የሚያስተምሩት።»

«እንግዲያው እኛ እንጠበው፣ አንቺ አስዪው!»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። እጇ ግን ያውቀው ነበር፤ ከሁሉም ቀድማ ሁለቱንም ፈታታ ብረቱን በተርታ ደረደረችው። ነፋሱ አቧራ እያነሳ ይመልሳል፣ ዘይቱ ላይ አፈር ይለጠፋል፣ አንዱ «ጨርቅ አቀብለኝ» ይላል፣ አንዱ የሌላውን ሞባይል ቀምቶ መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነባል። በዚህ መሐል «ሻለቃው!» ተባለ። ስምንቱም ዘለው ተነሱ፤ የአንዱ ጫማ ሸራውን ጎተተው። ሻለቃው እጁን ወዝወዝ አድርጎ አለፈ። ሲቀመጡ ብረቱ ሁሉ ተንሸራቶ አንድ ላይ ሆኗል።

ቁጥር እያዩ መለያየት ጀመሩ። መሐንዲሷ የራሷን ሁለት መዝጊያዎች አገኘች። የአንዱን ቁጥር በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ አነበበችው፤ የሌላውን ማንበብ እንኳ አላስፈለጋትም፣ ሁለት ናቸው፣ የቀረው የቀረው ነው። አስገባችው። ለስላሳ ሆኖ ገባ። ቅቤ ላይ እንደ ሄደ ቢላ። ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ ቀና አለች።

«ያንን አውጪው» አለ ጋሽ ሞረድ። ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው በሞርሳው ላይ ጎንበስ እንዳለ።

«የቱን?»

«አሁን የዘጋሽውን። ጥይት ብትሰጪው ቀለሁ ፊትሽ ላይ ይፈነዳ ነበር።»

አወጣችው። አፈርና ዘይቱን በጥፍሯ ስትፍቀው ከሥሩ ሌላ ቁጥር ብቅ አለ። ከሦስተኛ ሰው ጠመንጃ ነው፤ ተንሸራቶ የመጣ።

«በምን አወቁ?»

«በጆሮዬ ነዋ። ልክ የሆነው ተዘግቶ ሲያልቅ ትንሽ ያጉረመርማል። የላላው ዝም ይላል።»

የሚስቁባት መስሏት ጠበቀች። ማንም አልሳቀም፤ ያ ደግሞ ከሳቁ ባሰ። የማስማሚያ ክፍሉ አለቃ ልጅ፣ የመዝጊያ ነገር ከእናቷ ጡት ጋር የገባላት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይተኩስባት ተሳሳተች።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አለ ቀጮ። «ይኼን ሁላችንም ሠርተነዋል። አንቺ የሠራሽው ሻይ እየተፈላልሽ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ነው።»

ከዚያ ነገራት። የዛሬ ዓመት ከሦስት ጓዶቹ ጋር አንድ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ሦስት ቀን ከረሙ። ሁሉም የያዙት የመንግሥቱን ነው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ከገደል ተንሸራቶ የጠመንጃው መዝጊያ ተሰነጠቀ። የሌላው አፈሙዝ አሸዋ ገብቶበት ሲተኮስ አበጠ። እንግዲህ አስቢው፤ አንደኛው ደህና አፈሙዝ፣ ሌላኛው ደህና መዝጊያ አለው። ከድንጋይ ሥር ተቀምጠው አንዱን ለአንዱ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። በድንጋይ መቱት፤ እምቢ አለ። አራት ሰው በሁለት ጠመንጃ ቀረ። ከሸለቆው ሲወጡ ከኋላ ተተኮሰባቸው፤ ባዶ እጃቸውን ከነበሩት አንዱ ጉልበቱን ተመታ። ተሸክመው አወጡት። አሁን በክራንች ነው የሚሄደው።

«የእነሱ ጠመንጃ ሻካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ ትከሻ ይገነጥላል» አለ ቀጮ። «አንቺ ራስሽ ወረቀት ላይ አይተሽዋል፣ ይበትናል። ግን ከሁለት ሰባራ አንድ ደህና ይወጣዋል። የእኛ ከሁለት ሰባራ ያው ሁለት ሰባራ ነው።»

«እስቲ አሳዩኝ» አለች።

ስምንት የባዕድ ጠመንጃ ከግምጃ ቤት መጣ። ፈታቱት። ብረቱን ሁሉ ሸራው ላይ አፈሰሱትና ሸራውን በአራቱ ጫፍ ይዘው እንደ እህል አንቀረቀቡት። «ምረጪ» አሏት። ከክምሩ ዓይኗን ጨፍና እያነሳች ታቀብላቸዋለች፣ እነሱ ይገጣጥማሉ። ስምንቱም ተዘጉ። ስምንቱንም ወደ ሜዳው አውርደው ተኮሱባቸው፤ ስምንቱም ጮኹ። ዱላ በሚያክል ብረት የተሠራ፣ ማንም በእጁ ያላሞካሸው ነገር ነው፤ ግን አንዱ ለሁሉ፣ ሁሉም ለአንዱ ይሆናል። ይኼን የሠሩት ሰዎች የት እንዳሉ አታውቅም። ይሁን እንጂ ከልቧ አደነቀቻቸው።

ተነስታ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። የበር ጠባቂው የመንግሥቱን ጠመንጃ ይዟል። ወጥ ቤቱ ዘንድ የሚያወጋውም እንዲሁ። ሁለቱም ጠመንጃዎች ሰደፋቸው ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ አለች።

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት፣ ጋሽዬ?»

ጋሽ ሞረድ ሥራ እንዳለበት ሰው ወዲያ ወዲህ አለ። ቀጮ ነው የመለሰው። «ንገራት እንጂ! ሌላ ጊዜ ስትመካብን የምትውልበትን ዛሬ አፍህን ምን ለጎመው?»

ጋሽ ሞረድ ክፍሉ ገብቶ መሳቢያ ከፈተ። በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ መዝጊያ አወጣ። «እናትየዋ ናት» አለ። ከሰባት ዓመት በፊት በሰፈሩ ያሉትን ሦስት መቶ ምናምን መዝጊያዎች አንድ በአንድ ለክቶ፣ ከሁሉም መሐለኛ የሆነችውን መረጣት። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ በምትገኘው ሰዓት፣ ወታደሩ ጋደም ሲል፣ እሱ አንድ ጠመንጃ አምጥቶ እናትየዋ ልክ እስክትገባበት ድረስ ይሠራዋል፤ መዝጊያውንም እናትየዋን እስኪመስል። አንዱ ሁለት ወር ይፈጃል። ገና ሲጀመር የላላውን ማጥበቂያ መንገድ ስለሌለው ይመልሰዋል። የተሳካለትን ነጥብ ያደርግበታል። ነጥብ ያላቸው ሁሉ መዝጊያቸውን ቢለዋወጡ ግድ የላቸውም።

«ስንት ደረሱ?»

«አርባ አንድ።»

በተማረችበት አገር ይኼን የሚሠራ ማሽን ክፍል ሙሉ ነው፤ አየሩ እንኳ ሙቀቱ ይለካል። እዚህ አንድ ሽማግሌ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ በሞረድና በትዕግሥት።

«ለምን ለፋብሪካው አልጻፉም?»

«ጽፌያለሁ፤ ሁለቴ።» መልሱን ከዚያው መሳቢያ አወጣላት። «ጠመንጃው እንከን የለበትም፤ የአስተጣጠብ ሥነ ሥርዓት ይጠበቅ» ይላል። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋትም።

«አባቴ ነው» አለች።

ጋሽ ሞረድ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አጠፈው። የሚቆጣ መስሏት ነበር።

«ሥራውን አውቀዋለሁ» አለ። «በእኔ ዕድሜ እንደሱ የሚያስማማ ሰው አላየሁም። አንዳንዱን መዝጊያ ስከፍተው ለመሞረድ እጄ እምቢ ይለኛል፤ ያሳዝናል እኮ። ልንገርሽ? ጥፋቱ ማወቁ ነው። ማሽኑ ያጣመመውን ሁሉ እሱ በእጁ ያቀናዋል። ማሽኑ ጠማማ መሆኑን ታዲያ ማን ይወቅ?»

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ነጥብ ያለባቸው ሁለት ጠመንጃዎችና ነጥብ የሌላቸው ሁለት ሌሎች በሣጥን ተጭነውላት፣ በሰፈሩ መኪና ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። መንገዱ ረጅም ነው። ሪፖርቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። እውነቱን ብትጽፍ የማስማሚያ ክፍሉ አለቀለት፤ አባቷ በሚኮራበት ነገር ይወቀሳል፣ ሃያ ሁለቱ ሰዎች የት እንደሚሄዱ እንጃ። ባትጽፍ የቀጮ ሰዎች የሚያምኑትን ጠመንጃ ተነጥቀው፣ ቢሰበር የማይተካ ጠመንጃ ይዘው ይወጣሉ። ስድስት ዓመት ተምራ የመጣችው ለዚህ ነው? ለነገሩ ለምን እንደ መጣች ከተመለሰች ጀምሮ ስትጠይቅ ኖራለች፤ መልስ አግኝታለት አታውቅም። ፋብሪካው በር ሲደርሱ በእጇ የያዘችው ወረቀት «ጠመንጃው ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ጎላ ብሎ ይመታ፤ ወታደሩ ጠመንጃውን ለየብቻ ይጠብ» የሚል ነበር።

የምሳ ሰዓት ስለነበር ክፍሉ ባዶ ነው። አባቷን ብቻ እንደ ልማዱ ዳቦውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሲበላ አገኘችው። ደስ አለው። «መጣሽ? ምን አሉ ደግሞ ባለ ጉዳዮቹ?»

ወረቀቱን ሰጠችው። ያነባል፣ ያኝካል። መሐል ላይ ማኘኩን አቆመ።

«ይኼን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«የእኔ ዓረፍተ ነገር ናት ይቺ። የዛሬ አራት ወይም አምስት ዓመት ለአንድ ጠጋኝ የጻፍኳት።» ቀና ብሎ አያት። «እኔ የጻፍኩት ሳላይ ነው። አንቺ አይተሽ ነው የመጣሽው። ምን አየሽ?»

ሣጥኑን ከፈተችለት። ነጥብ የሌላቸውን ሁለቱን መጀመሪያ አወጣች፤ አባቷ መዝጊያቸውን አለዋውጦ ሞከረ። አንደኛው አልገባ አለ። ሌላው ዝም ብሎ ገባ። ይኼንንማ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከዚያ ነጥብ ያላቸውን ሰጠችው። አለዋወጠ። ዘጋ። ብረቱ መጨረሻው ላይ ትንሽ አጉረመረመ። ሌላውንም ዘጋ፤ እሱም አጉረመረመ።

አባቷ መዝጊያውን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። በብርሃኑ አዙሮ አዙሮ አየው። የአውራ ጣቱን ጥፍር በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው፤ ልጅ እያለች ይኼን ሲያደርግ መተንፈስ እንኳ አይፈቀድላትም ነበር።

«በምን ማሽን ነው?»

«በእጁ።»

«አትዋሺኝ።»

«አባዬ ሙት! በእጁ ነው። ከምሳ በኋላ እየሠራ። ሰባት ዓመት፣ አርባ አንድ።»

ተቀመጠ። «እኔ የጻፍኩለት ሰውዬ ነው?»

«እሱ ነው። እንዳንተ የሚያስማማ አላየሁም ብሏል።»

ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ለማየት ስላፈረች ወደ ሣጥኑ ዞረች። ከኋላዋ የወረቀት መቀደድ ድምፅ ሰማች።

«ብዕር አለሽ? ወታደሩን አትክሰሺው። እኔ የምልሽን ጻፊ።» ብዕሯን አወጣች። «ቃኚዎቹ የያዙትን መሣሪያ ማንም እንዳይነካባቸው። የእኛው ጠመንጃ መዝጊያው ከጠመንጃ ጠመንጃ እስኪለዋወጥ ድረስ። ጻፍሽ? የማይለዋወጠው ደግሞ በማስማሚያ ክፍሉ አሠራር ምክንያት ነው። አለቃው እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፊው።»

«አባዬ፣ ይኼን ካነበቡ ክፍሉን ይዘጉታል እኮ።»

ሃያ ሁለቱን ባዶ መቀመጫዎች ተራ በተራ አያቸው። «ሊዘጉት ይችላሉ» አለ። «ሁሉም መዝጊያ የሚለካበትን ልክ መለኪያ የሚሠራ ሰውም ያስፈልጋቸዋል፤ ይኼን እጅ ከየት ያመጣሉ? ላያስፈልጋቸውም ይችላል፤ አላውቅም። አንቺ ጻፊ።»

እየጻፈች ሳለ ደወሉ ተደወለ። አስማሚዎቹ እየተንጫጩ፣ አንዱ የሌላውን ቆብ እየነጠቀ፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ገቡ። አባቷ ተነሳ፤ መዝጊያውን በመዳፉ ላይ እንደያዘ ወደ መሐል ክፍሉ ሄደ።

«ኑ እስቲ ሁላችሁም» አለ። «እጃችሁን ታጠቡና ኑ። የሰው ሥራ ላሳያችሁ።»